የፊቱን ፍሬን ልያዝ ወይስ ይገለብጠኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ሐዋሳ ውስጥ በሞተር ዕቃ እያደረስኩ ነው የምተዳደረው። የምነዳው ቦክሰር 150 ነው። መንዳት ያስተማረኝ ጓደኛዬ «የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል» ስላለኝ እስከ ዛሬ የኋላውን ብቻ ነው የምረግጠው። ሰሞኑን አንድ ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ፊቴ ላይ ዞረ። ባለ በሌለ ኃይሌ የኋላውን ረገጥኩት። ጭራው ወደ ቀኝ ሄደና ወደቅሁ። እግዜር ይመስገን ጉልበቴ ከመላላጡ በቀር ደህና ነኝ። ግን ፈራሁ። የፊቱን ልያዝ? ከሆነስ እንዴት ልለማመድ? ደግሞ ብር አጠራቅሜ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርገው) ባለው ልቀይር አስቤአለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። መጀመሪያ ጉልበትህን በሳሙና በደንብ እጠበው። የአስፋልት ቁስል አሸዋ ይዞ ይቀራል፣ ቶሎ ያመረቅዛል። ሄልሜትህ መሬት መትቶ ከሆነም ቀይረው። ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያድንህም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ የፊቱን ያዝ። እንዲያውም ዋናው ፍሬንህ እሱ ነው። ግን ይህን አንብበህ ነገ ጠዋት ፒያሳ ላይ፣ በሰውና በባጃጅ መሃል እንዳትሞክረው። እጅህ ያልለመደውን ነገር በድንጋጤ ሰዓት ማዘዝ ሌላ መውደቅ ነው።

ጓደኛህ ያለህን ብዙ ሰው ይለዋል። ከየት እንደመጣም እገምታለሁ። አብዛኞቻችን ሞተር ላይ ከመውጣታችን በፊት ሳይክል ነድተናል፤ ሐዋሳ ደግሞ የሳይክል ከተማ ናት። ሳይክል አጭርና ቀላል ነው። የነጂው ክብደት ከላይ ነው። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ጥርቅም ካደረግከው በእርግጥም በመሪው ላይ ያሳልፍሃል። ሞተር ግን ረጅምና ከባድ ነው፣ ክብደቱም ዝቅ ያለ ነው። እንደ አንተ ያለ ቦክሰር፣ ያውም በድራም ፍሬን፣ ደረቅና ሜዳ አስፋልት ላይ በግንባሩ መገልበጥ ቀላል ሥራ አይደለም። የፊት ፍሬን ይዞ የሚወድቅ ሞተረኛ አብዛኛውን ጊዜ ተገልብጦ አይደለም የሚወድቀው። የፊት ጎማው ይቆልፍና ሞተሩ በጎኑ ይተኛል። ይህም የሚሆነው ፍሬኑን በድንገት ሲነጥቀው ነው። ወይም መሪው ዞሮ፣ ሞተሩ አጋድሎ ሳለ ሲይዝ። ወይም ከጎማው ሥር አሸዋ፣ ዘይት ወይም ጭቃ ሲኖር። ሦስቱም ቢሆኑ አያያዙን እንጂ ፍሬኑን የሚያስወቅሱ አይደሉም።

ለምን የፊቱ እንደሚበልጥ ልንገርህ፤ ይህ ከገባህ ልምምዱ ይቀልሃል። አውቶቡስ ውስጥ ቆመህ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ትገፋለህ አይደል? ሞተርም ላይ ያው ነው። ፍሬን በያዝክ ቅጽበት ክብደቱ ከኋላ ጎማ ተነስቶ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። የፊት አሞርዛተር ይሰምጣል። የፊት ጎማ አስፋልቱ ላይ ይጫናል፣ የመያዝ አቅሙም በዚያው ልክ ይጨምራል። የኋላው በተቃራኒው ይቀልለዋል። ቀልሎት ሳለ በሙሉ ኃይልህ ስትረግጠው መሽከርከሩን ያቆማል፣ ማለትም ይቆልፋል። የቆለፈ ጎማ ደግሞ አቅጣጫ አይጠብቅም፤ መንገዱ ወደ አዘነበለበት ይሄዳል። የሐዋሳ አስፋልትም እንደ ማንኛውም አስፋልት ውሃው ወደ ዳር እንዲወርድ ተብሎ ከመሃል ወደ ጎን ትንሽ ያዘነብላል። ያንተ ጭራ ወደ ቀኝ የሄደው በዚህ ይሁን፣ ወይም ስትደነግጥ መሪውን ትንሽ ስለነካኸው ይሁን አላየሁም። ሁለቱም የተለመዱ ናቸው።

ሜትር በሜትር እንየው። ደረቅና ጥሩ አስፋልት ላይ በ60 የሚሄድ ሰው ሁለቱንም ፍሬኖች በደንብ ከያዘ በ23 ሜትር ገደማ ሊቆም ይችላል። የኋላውን ብቻ የረገጠ 40 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። ድራም ከሆነና ሸራው (ድራሙን ከውስጥ እየተጫነ የሚያቆመው) ካረጀ ከዚህም ይረዝማል። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ሁለቱንም የያዘው ሰው ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ፣ የኋላውን ብቻ የረገጠው ገና በ40 ገደማ ፍጥነት እየሄደ ነው። በ40 ከባጃጅ ጎን ጋር መላተም ምን እንደሚመስል ለአንተ አልነግርህም።

ይህ ሁሉ ደግሞ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ያለው ብቻ ነው። ዓይንህ አይቶ እጅህ እስኪታዘዝ አንድ ሴኮንድ ብትፈጅ፣ በ60 ያቺ ሴኮንድ ብቻዋን 17 ሜትር ትበላለች። በ30 ግን 8 ሜትር ብቻ ነው የምትበላው፣ ፍሬኑም ከ23 ሜትር ወደ 6 ሜትር ይወርዳል። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የፍሬን ርቀት ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ሰፈር ለሰፈር ዕቃ ለሚያደርስ ሰው ከዚህ የበለጠ ርካሽ መድኃኒት የለም።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። አሜሪካ ውስጥ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመራው ቡድን 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አውጥቷል። አብዛኞቹ ሞተረኞች ልክ እንዳንተ የኋላውን ከመጠን በላይ ረግጠው ሲንሸራተቱ፣ የፊቱን ግን በበቂ ሁኔታ ሳይዙት ነው የተጋጩት። ሌላም ነገር አገኙ። በተለመደው አደጋ ላይ ሞተረኛው አንድ ነገር ለማድረግ የነበረው ጊዜ ከ2 ሴኮንድ ያነሰ ነበር። በ2 ሴኮንድ ውስጥ ማንም አያስብም። ሰውነትህ የለመደውን ያደርጋል፣ አለቀ። ያንተ ሰውነት የለመደው ቀኝ እግርን መርገጥ ነው። ስለዚህ የፊት ፍሬን ጥሩ ነው ብለህ ማወቅህ ብቻውን ምንም አያደርግልህም። ቀኝ እጅህ ራሱ ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ወደ ልምምዱ። ቦታ ፈልግ። ሰው፣ ከብትና ልጆች የማይገቡበት ደረቅ አስፋልት፣ ርዝመቱ ቢያንስ 100 ሜትር፣ ሜዳ የሆነ። እሑድ ማለዳ ሥራ ያልጀመረ አዲስ የሰፈር መንገድ፣ ወይም የአንድ ግቢ መኪና ማቆሚያ ዘበኛውን አስፈቅደህ ይሆናል። ዋናውን የሻሸመኔ መንገድ በማለዳ ባዶ ነው ብለህ እንዳታስብ። የጭነት መኪናዎች ጸሎት ሳያልቅ ነው የሚነሱት። መጀመሪያ በእግርህ ወዲያና ወዲህ ሂድበትና አሸዋውን በመጥረጊያ ወይም በጫማህ አጽዳ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ወፍራም ጃኬትና ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ልበስ። በነጠላ ጫማ ይህን የሚሞክር ሰው ባላየሁ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ጓደኛ ይዘህ ሂድ፤ በኋላ ሥራ አለው።

ሞተሩን ሳታስነሳ ጀምር። ከጎኑ ቆመህ መሪውን ይዘህ ግፋው። በእርምጃ እየሄደ ሳለ የፊት ፍሬኑን ቀስ ብለህ ጭመቅ። አሞርዛተሩ ሲሰምጥና ሞተሩ ሲቆም ታየዋለህ። አሁን መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙረህ ድገመው፣ ግን ሞተሩን ወደ ሰውነትህ አስጠግተህ ጠበቅ አድርገህ ያዘው። መሪው በዞረበት ሞተሩ ሊወድቅብህ ሲታገል ይሰማሃል። በእግር ፍጥነት እንዲህ ከሆነ በ30 ምን እንደሚሆን አስበው። «መሪ ቀጥ ሲል ብቻ» የሚለውን ሕግ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር የለም።

ቀጥሎ በ20 እየሄድክ የኋላውን ብቻ ይዘህ ቁም። ይህን ታውቀዋለህ፣ ግን አሁን ለስለስ አድርገህ ርገጠውና የት ቦታ ላይ ሊቆልፍ እንደሚፈልግ እግርህ ይስማው። ሆን ብለህ ማንሸራተት አያስፈልግህም። ጎማ ትጨርሳለህ እንጂ የምትማረው ነገር የለም።

ከዚያ የፊቱን ብቻ፣ በ20። ጋዙን ሙሉ በሙሉ መልስ። መሪ ቀጥ። ጣቶችህን መያዣው ላይ አድርገህ መጀመሪያ ክፍተቱን ብቻ አጥፋ፤ ሸራው ድራሙን እስኪነካ። በዚህች ቅጽበት ፍጥነቱ ብዙም አይቀንስም፣ አሞርዛተሩ ግን መስመጥ ይጀምራል። ጎማው ክብደቱን መቀበሉን ስትሰማ ጨምር። ደግሞ ጨምር። ልትቆም ስትል ትንሽ ላላ አድርገው፣ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ ይነቀንቅሃል። ጠቅላላው ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ ቀስ ብሎ መጀመር፣ ከዚያ ያለ ፍርሃት መጨመር። ስታውቀው «ቀስ ብሎ» ያልኩት ከግማሽ ሴኮንድ ያነሰ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ግን ሁለት ሴኮንድ ይፍጅብህ፣ ማንም አይቸኩልብህም።

ስንት ጣት? ዲስክ ፍሬን ላለው ሁለት ጣት ይበቃል፣ የቀሩት ጋዙን ይይዛሉ። ድራም ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ ቦክሰር ላይ በሦስት ወይም በአራት ጣት ብትይዝ አልፈርድብህም። ዋናው ጋዙ ሳይመለስ ፍሬን አለመያዝ ነው። ብዙ ጀማሪ በድንጋጤ መያዣውን ሲስብ አንጓው አብሮ ወደ ታች ይዞርና ጋዝ ይሰጣል። አንጓህን ከፍ ሳይሆን ዝቅ ሳይሆን ከክንድህ ጋር ቀጥ አድርገው፣ መያዣውም ለዚያ እንዲመች ተደርጎ ይታሰር።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ። በ20 ጀምር፣ ሲመችህ 30፣ ከዚያ 40። ከዚህ በላይ ለመጀመሪያ ቀናት አያስፈልግህም። አንድ የውሃ ላስቲክ መሬት ላይ አስቀምጥ። እዚያ ስትደርስ ያዝ፣ የቆምክበትንም በእርምጃ ቁጠር። በ40 ደረቅ አስፋልት ላይ ከ12 እስከ 15 ሜትር ውስጥ ያለ ምንም መንሸራተት ከቆምክ ለዕለት ሥራህ በጣም ጥሩ ነው። ርቀቱን ለማሳጠር ብለህ አትንጠቀው። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ትንሽ ጠንከር ይበል፣ በቃ። ጎማው «ጭር» ሲል ከሰማህ ወይም መሪው ሲቀልህ ከተሰማህ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ተመለስ።

ሰውነትህስ? ጉልበቶችህ የቤንዚን ታንኩን ጨምቀው ይያዙ። ክብደትህ ወደ ፊት ሲገፋ የሚሸከመው እግርህ እንጂ ክንድህ መሆን የለበትም። ክንድ ከደረቀ መሪውን ሳታስበው ትገፋዋለህ። ዓይንህ ደግሞ ወደ ሩቅ ይይ። የፊት ጎማህን ወይም ያስደነገጠህን ባጃጅ ካፈጠጥክበት ወደዚያው ትሄዳለህ። ይህ እንግዳ ነገር ይመስላል፣ ግን የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ፍሪሲዮኑንም አብረህ ያዝ፣ ቢቻልም ማርሹን እየቀነስክ ና። ቆመህ ሳለ ሞተሩ አንደኛ ላይ ከሆነ፣ ከኋላህ ያለው መኪና ፍሬን ሳይዝ ቢመጣ ለመሸሽ ዝግጁ ነህ። ይህን አብዛኛው ሰው ይረሳዋል። ፊት ለፊት ካለው ተርፈን ከኋላ እንመታለን።

ሁሉም ሲቀልህ ጓደኛህን አምጣ። 30 ሜትር ራቅ ብሎ በዳር ይቁም፣ መንገድህ ላይ ግን አይደለም። እጁን በፈለገው ጊዜ ያንሳ፣ ወይም ጭራሽ አያንሳ። እጁን ስታይ ትይዛለህ። መቼ እንደሚመጣ በማታውቀው ነገር ላይ እጅህ ቀድሞ ይሄዳል ወይስ እግርህ? እውነተኛው ፈተና ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ እግርህ እንደሚቀድም እወራረዳለሁ። እጅህ እስኪቀድም ቀጥል። በአንድ ቀን አይመጣም። በሳምንት አንድ ቀን ሩብ ሰዓት፣ ለጥቂት ሳምንታት። ከዚያ በኋላም ጎማ ወይም ሸራ በቀየርክ ቁጥር ተመልሰህ ሞክረው፤ አዲስ ሸራ እስኪለማመድ በደንብ አይዝም፣ አዲስ ጎማም ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ያንሸራትታል።

ሥራ ላይ ስትሆንም ልምምዱ ይቀጥላል። መብራት ላይ ስትቆም፣ ደንበኛ በር ላይ ስትደርስ፣ ሁልጊዜ ሁለቱንም ያዝ። የኋላውን ብቻ ይዘህ የምትቆም ከሆነ በቀን መቶ ጊዜ የድሮውን ልማድ እያጠናከርክ ነው።

ጎማ ቢቆልፍስ? የፊቱ ከቆለፈ ወዲያው ልቀቅ፣ መሽከርከር ሲጀምር እንደገና ለስለስ አድርገህ ያዝ። ለማሰብ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ነው በዝቅተኛ ፍጥነት የምንለማመደው። የኋላው ቆልፎ ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ እየሄደ ከሆነ እግርህን ላላ አድርግ። ጭራው ወደ ጎን ርቆ ከወጣ ግን በድንገት አትልቀቀው። የወጣ ጭራ ላይ ጎማው ድንገት መሬት ሲይዝ ሞተሩ ተፈናጥሮ በሌላው ጎን ወደ ላይ ይወረውርሃል። ይህ በጎን ከመንሸራተት እጅግ የከፋ ነው። እንደተረገጠ አቆይተህ፣ መሪውን ወደምትሄድበት አቅጣጫ ይዘህ፣ ዓይንህን ከፍ አድርገህ ቁም።

መዞሪያ ላይ ሳለህ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፍሬን የሚያዘው ከመዞሪያው በፊት ነው። ገብተህ ሳለ ነገር ከመጣብህ መጀመሪያ ሞተሩን ቀጥ አድርገው፣ ከዚያ ያዝ።

ያንተ ሥራ ጭነት ነው። ከኋላ ሳጥን ወይም ሰው ሲኖር የኋላ ጎማ ክብደት ያገኛል፣ ስለዚህ የኋላው ፍሬን ከወትሮው ይልቅ ይሠራል። ቢሆንም የሚቆመው ክብደት በዛ፣ ርቀቱም ይረዝማል። የጫንከው ነገር በደንብ ካልታሰረ ፍሬን ስትይዝ ወገብህን ይመታሃል። የተሳፈረ ሰውም ጀርባህ ላይ ይወድቅብሃል፤ ክንድህ ያኔ ይደርቃል። ለተሳፋሪ «ፍሬን ስይዝ ታንኩን ተደገፍ» ማለት አያሳፍርም። ጭነት ይዘህ ሳታውቀው የምትለማመድበት ቀን የመጀመሪያው የሥራ ቀን እንዳይሆን፣ አንድ ቀን ሳጥንህ ውስጥ ጥቂት የውሃ ላስቲኮች ሞልተህ ደግመህ ሞክር።

ስለ መንገዱ ሁለት ነገር። በክረምት የሚያስፈራው ዝናቡ ብቻ አይደለም፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎቹ ናቸው። በበጋው የተጠራቀመው አቧራና የመኪና ዘይት ውሃ ሲነካው አስፋልቱ ላይ ሳሙና ይሆናል። ብዙ ከዘነበ በኋላ ይታጠባል። ያኔም ቢሆን የእግረኛ መሻገሪያው ነጭ ቀለም ያዳልጣል። ኮብልስቶን እርጥብ ሲሆን ከእሱ አይሻልም። በእነዚህ ላይ የፊቱን ተው አልልህም። ቀደም ብለህ፣ ለስለስ አድርገህ ጀምር፤ የኋላውም ድርሻ ይጨምር። ፒስታ ላይም እንዲሁ። ልል ኮረት ላይ የፊቱ በቀላሉ ይቆልፋል፣ የኋላው ትንሽ ቢንሸራተት ግን ትቆጣጠረዋለህ። እዚህ ላይ ጓደኛህ ከሞላ ጎደል ልክ ነው፤ ምናልባት እሱ የተማረው ፒስታ ላይ ይሆናል።

ሌላው የፎሌ ጉዳይ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥተው በፎሌ የሚወርዱ አሉ። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ላይታይህ ይችላል። ግን አንድ ቀን ዕቃ ይዘህ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ትወርድ ይሆናል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በማርሽ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል። በፎሌ ከሆነ ሁሉም ሸክም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ድራም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ መያዣውን ትስባለህ፣ ሞተሩ ግን አይሰማህም። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ሹፌሮች እውነታቸውን ነው። ፍሬኑን ሳታቋርጥ አትያዝ፤ ጠንከር አድርገህ ቀንስ፣ ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ። ሽታ ከሸተተህ ዳር ይዘህ አቁም። ትኩስ ድራም ላይ ውሃ አታፍስ።

ፍሬኑ ራሱ ካልሠራ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የፊቱን ለዓመታት ሳትነካው ስለኖርክ ገመዱ ዝጎ ሊሆን ይችላል። መያዣውን ስበህ ስትለቀው ቶሎ ካልተመለሰ ገመዱን ቀይረው፤ ዋጋው ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም። መካኒክህ ድራሙን ይክፈተው፣ አቧራውን ያውጣ፣ የሸራውን ውፍረት ያሳይህ። አቧራውን በአፍ አትንፉት፣ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። የኋላ ፔዳልህ ደግሞ በጣም ከፍ ብሎ ከታሰረ እግርህ ሳያውቅ ስለሚጫነው አንዱ የመንሸራተት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ዝቅ አስደርገው። ሲያጥቡልህ ሞተሩን በናፍጣ የሚያብረቀርቁ ልጆች አሉ። ድራምና ጎማ አካባቢ እንዳያደርሱ ከልክላቸው። ሰንሰለት ዘይት ስትቀባም እንዲሁ። የጎማውን ነፋስም ቀዝቃዛ ሳለ ማለዳ ላይ አስለካው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ላይ ይህን ልምምድ አታድርግ፣ ሥራም አትሥራበት።

በመጨረሻ ኤቢኤስ። ጎማ ሊቆልፍ ሲል ፍሬኑን በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየለቀቀና እየያዘ እንዳይቆልፍ የሚያደርግ ነው። በሞተር ላይ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው በኬ100 የጀመረው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ግዴታ አድርጎታል፣ ህንድም እ.ኤ.አ. በ2019 ተከትላለች። ያዋጣል ወይ ካልከኝ አዎ፣ ገንዘቡ ካለህ ከማንኛውም ጌጥ በፊት እሱን ግዛ። ድንገት በዝናብ ለሚይዝ ሰው ሕይወት ነው። ግን ልምምዱን አያስቀርም። ኤቢኤስ ያለው ሞተር ላይ እግሩን ብቻ የሚረግጥ ሰው ሳይወድቅ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሄዶ ይላተማል። አጋድለህ መዞሪያ ላይ ሳለህም ተራው ኤቢኤስ ብዙ አያድንህም። ልል ኮረት ላይ ደግሞ ርቀቱን ሊያስረዝመው ይችላል። ሲሠራ መያዣው እጅህ ውስጥ ይንዘረዘራል፤ ያኔ ደንግጠህ አትልቀቅ፣ እንደያዝክ ቆይ።

ስትገዛ ተጠንቀቅ። እንደ አፓቺ ያሉት የህንድ ሞተሮች አንዳንዶቹ ሞዴሎቻቸው ኤቢኤስ ያላቸው ለፊት ጎማ ብቻ ነው። የኋላው እንደ ድሮው ይቆልፋል። ስሙ አንድ ሆኖ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ፤ ተለጣፊውን አትመን። ጎንበስ ብለህ የፊት ጎማው መሃል ላይ፣ ከዲስኩ አጠገብ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ትንሽ ቀለበትና ከእሱ ፊት ለፊት ሽቦ ያለው ሴንሰር መኖሩን እይ። ቁልፉን ስትከፍት የኤቢኤስ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለበት። ሞተሩ ጥቂት ሜትር ሲሄድ ይጠፋል። ሳይጠፋ ከቀረ ብልሽት አለ ማለት ነው። ቁልፉን ስትከፍት ጭራሽ ካልበራ ግን ብልሽቱ እንዳይታይ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጩ ምንም ቢልህ ሌላ መካኒክ ሳያየው ብር እንዳትሰጠው።